የማናልቱራ አዲሱ አፍ

ሬሳውን ያገኙት ቅርጫት ተሸክመው ወደ ዓሣ ጨረታው ሲወርዱ የነበሩ ሴቶች ናቸው። ሲዘንብ አድሮ ገና ማባራቱ ነበር። ክሌመንት ወደ ባሕሩ ከተዘረጋው የሰሜኑ የድንጋይ ክንድ ግርጌ፣ ማዕበሉ ከማይደርስበት አሸዋ ላይ በጎኑ ተኝቷል። አንድ ጉልበቱ ታጥፏል፤ አንድ እጁ ከጉንጩ ሥር ገብቷል። ሴቶቹ ጠጥቶ የወደቀ መስሏቸው፣ አንዷ "ተነስ አንተ፣ እናትህ ሳታይህ" ብላ በእግሯ ነካ አደረገችው። ከዚያ ቅርጫቷን ጣለች።

ኢንስፔክተር ቫሳንታ ስትደርስ የሰፈሩ ግማሽ ባሕሩ ዳር ቆሟል። ሃምሳ አለቃ ሴቪየር ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጎ መንገድ ከፈተላት። ሴቪየር እዚሁ የዓሣ አጥማጆቹ ወደብ ማናልቱራ የተወለደ፣ ፖሊስ ባይሆን ኖሮ መረብ ጎታች የሚሆን ሰው ነው።

"አፉ በልቶት ነው ማዳም" አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

በማናልቱራ ሰው እንዲህ ከሞተ "አፉ በላው" ይባላል፤ ሌላ ጥያቄ የለም። አፉ ማለት የወደቡ መግቢያ ነው። መንግሥት ማዕበል መከላከያ ብሎ ሁለት የድንጋይ ክንድ ወደ ባሕሩ ከዘረጋ ወዲህ በክንዶቹ መካከል አሸዋ ይሞላል፤ ክረምት ሲገባ ማዕበሉ አሸዋው ላይ ይነሳና ጀልባውን እንደ ሳህን ይገለብጠዋል። በየክረምቱ ሰው ይሞታል። በየክረምቱ ይቀበራል።

ቫሳንታ ተንበርክካ ከሟቹ ጆሮ በላይ ያለውን ቁስል አየች።

"አፉ ሰው ሲበላ አውጥቶ ደረቅ ላይ ያስተኛል?"

ሴቪየር ወደ ሰሜን ጠቆማት። ጥቂት እልፍ ብሎ፣ የወንድ ቁመት የሚያህል ቢጫ ኳስ አሸዋ ላይ ወድቋል፤ ረጅም ገመድ ከኋላው ይጎትታል።

ይህችን ቢጫ ኳስ በማናልቱራ የማያውቃት ሕፃን የለም። አሮጌውን አፍ ትቶ በሌላ በኩል አዲስ አፍ መክፈት ይቻል እንደሆነ ጥናት ተጀምሯል። ጥናቱን ደግፎ ድምፅ የሰጠው የቀበሌው ምክር ቤት ነው፤ ጠባቂ የቀጠረውም እሱ። ኳሷ ባሕሩ ላይ ታስራ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ የማዕበሉን ኃይል መለካት ነበረባት። ጠባቂዋ ክሌመንት ነበር።

የሟቹ እናት አሸዋው ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም። አጠገቧ አንድ ከሲታ ሽማግሌ፣ ሽርጡ ረጥቦ እግሩ ላይ ተጣብቆ፣ እጇን ይዞ ቆሟል።

"ማነው?" አለች ቫሳንታ።

"አባባ ፓትሮስ" አለ ሴቪየር። "ጀልባ ሲገለበጥ ገብቶ ሰው የሚያወጣልን እሱ ነው። እኔንም አንዴ አውጥቶኛል።"

እናትየው ሰምታ ቀና አለች። "ይኼን ልጅ ሁለቴ ነው የወለድኩት፣ ማዳም። አንዴ በራሴ ማህፀን፣ አንዴ በአባባ ፓትሮስ እጅ።"

ሴቪየር ቆየት ብሎ ነገራት። ከጥቂት ክረምቶች በፊት ክሌመንትና የፓትሮስ ልጅ ላምበርት አብረው አፉ ላይ ተገለበጡ። ሽማግሌው ዘሎ ገባና የነካውን የመጀመሪያ እጅ ያዘ። ስቦ ሲያወጣው ክሌመንት ሆነ። ተመልሶ ጠለቀ፣ ደግሞ ጠለቀ። የላምበርትን ሬሳ ባሕሩ ዘግይቶ ነው የመለሰው።

ቫሳንታ ወደ ሽማግሌው ቀረበች። "አባባ፣ እርስዎ ከየት ነው የመጡት?"

"ከቅዳሴ" አለ ፓትሮስ። ዓይኑን ከሬሳው ላይ አላነሳም።

---

የቀበሌው ሊቀመንበር ላይላ ቢቪ ቢሮዋ ውስጥ ሻርፗን ከራሷ ላይ ደጋግማ እያስተካከለች ተቀብላቸዋለች። ወፍራም፣ ቶሎ የምትናገር ሴት ናት። ያን ቀን ግን ቃል ይጠፋባት ነበር።

"እኔ ነኝ የቀጠርኩት" አለች። "ሌላ ሥራ ይዞ ነበር እኮ። 'አንተ ከአፉ የተረፍክ ነህ፣ አንተ ብትጠብቃት ይሻላል' ብዬ ለምኜ አመጣሁት።"

"ኳሷን ማን ይጠላታል፣ እትዬ ላይላ?"

"ማን ይወዳታል ብለሽ ብትጠይቂኝ ይቀለኛል። ኮንትራክተሩ ሱኩማራን ይጠላታል፤ በየዓመቱ የአሮጌውን አፍ አሸዋ እየዛቀ ነው የሚኖረው። የሰሜኑ ሰፈር ሰዎችም ይጠሏታል። አዲሱ አፍ በእነሱ ቤት ላይ ያልፋል የሚል ወሬ አለ። መሐንዲሱ የመጣ ቀን የዓሣ እጣቢ ነው የደፉበት።"

"ታዲያ ምክር ቤቱ እንዴት ደገፈው?"

ላይላ ቢቪ በመስኮቱ ተመለከተች። "ልንጥለው ነበር። ከዚያ አባባ ፓትሮስ ተነሳ። ስብሰባ ላይ ተናግሮ አያውቅም። 'ሰው ማውጣት ደከመኝ፤ ክንዴም አረጀ። እባካችሁ አስጠኑት' አለና ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ማን እጁን አላወጣም ይበል? እኔ ደግሞ ምን ብዬ አሰብኩ መሰለሽ... ጥናት ሰው አይገድልም ብዬ።"

---

ሱኩማራን ግቢው ውስጥ ከተፈታታ ሞተር አጠገብ ወንበር አውጥቶ ሻይ ይጠጣል። ሆዱ ከሽርጡ በላይ ተንጠልጥሏል። ፖሊስ ሲያይ አልደነገጠም።

"ኑ፣ ኑ። ሻይ አምጡላቸው። እኔ መሆኔን ከተማው ሁሉ ፈርዶ ጨርሷል አይደል?"

"ሰዎችህ ክሌመንትን 'እናሰምጥሃለን' ብለውታል" አለችው ቫሳንታ።

"ብለውታል። እሱም 'እናታችሁን' ብሏቸዋል። ወደብ እኮ ነው፣ ገዳም አይደለም።"

"ዛሬ ጎሕ ሲቀድ የት ነበርክ?"

"እናቴን ይዤ ከተማ፣ የዓይን ሕክምና። ትናንት ሆስፒታል ገብተን ዛሬ ረፋዱ ላይ ነው የተመለስነው፤ ነርሶቹ እንኳ ታክተውናል፣ ጠይቂያቸው። የአሸዋ መዛቂያዬም ሞተር ይኸውልሽ፣ ሆድ ዕቃው ተዘርግፎ።" ሻዩን አስቀመጠ። "አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔ ጥናት እጠላለሁ ያለሽ ማነው? ጥናት እወዳለሁ። አንድ ጥናት በተጀመረ ቁጥር እኔ አምስት ዓመት ተደላድዬ አሸዋዬን እዝቃለሁ። ኮሚቴው፣ ስብሰባው፣ የበላይ አካሉ... የእኔ ልጆች ያደጉት በጥናት ነው። ያንን ልጅ ለመግደል ምን አነሳሳኝ? እኔ ዝም ብዬ ብቀመጥ ይበቃኝ ነበር።"

ሴቪየር ሲወጡ መሬቱ ላይ ተፋ። ግን ነርሶቹ እውነቱን ነው አሉ፤ ሰውየው ሌሊቱንም ንጋቱንም ከእናቱ አልጋ ሥር ነበር። ሠራተኞቹም ያለ ሞተር የትም አልወጡም።

---

የሰሜኑ ሰፈር ቤቶች በአንድ ረድፍ ባሕሩን ተደግፈው ቆመዋል። ከፊት የነበረውን ረድፍ ውሃው ወስዶታል፤ የቀረው የደረጃ ስባሪ ብቻ ነው። ሲሲሊ፣ የላምበርት ሚስት፣ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ዓሣ ትከትፋለች። ሬሳውን ካገኙት ሴቶች አንዷ ናት። ሁለት ሴት ልጆቿ ከውስጥ አጮልቀው አዩና ተመለሱ።

"በመሐንዲሱ ላይ እጣቢ የደፋሽው አንቺ ነሽ ይባላል" አለች ቫሳንታ።

"እኔ ነኝ። ቢመጣም እደግመዋለሁ።"

"ባልሽን አሮጌው አፍ ነው የገደለው። አዲስ እንዲከፈት አትፈልጊም?"

ሲሲሊ ቢላዋዋን አስቀመጠች። "ባሌን አሮጌው በላው፤ ቤቴን አዲሱ ይብላው? ከዚህ በፊት ቤት ነበረን፣ ማዳም፣ እዚያ ጋ" ብላ በእጇ ማዕበሉን አሳየቻት። "ሲወሰድብን ሲሚንቶ መጋዘን ውስጥ አስገቡን። አንድ ጣራ ሥር፣ በጨርቅ ተጋርደን። 'ለጊዜው' ነው ያሉን። ትንሿ ልጄ እዚያ ገብታ እዚያ ነው መናገር የጀመረችው፤ እስከ ዛሬ አቧራው ደረቷ ላይ አለ። ይህን ቤት አገኘን ስል ደግሞ መጥተው ደጄ ላይ የልኬት ቀይ ባንዲራ ተከሉ። 'ጥናት ነው እንጂ ምንም የለም' ይሉኛል። የቤቴንስ መፍረስ ማን ነው የሚያጠናው?"

"ጎሕ ሲቀድ የት ነበርሽ?"

"ወደ ጨረታ እየሄድኩ ነዋ። ሴቶቹ ሁሉ ያውቃሉ። ለአባባ የሩዝ አጥሚት አፍልቼ አልጋው አጠገብ አስቀምጬለት ነው የወጣሁት።"

"አባባ ፓትሮስ አብሯችሁ ነው የሚኖረው?"

"ከልጁ ሞት ወዲህ። አተኩሶት ነበር፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተሸፍኗል።"

ቫሳንታ ሴቪየርን ዞር ብላ አየችው። ሴቪየር ባርኔጣውን አውልቆ ዝናብ ያራግፍ ነበር። ይዘንብ ግን አልነበረም።

---

መሐንዲሱ አራቪንዳን ከዋና ከተማው ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ወጣት ነው፤ ኳሷን ሲያያት ዘመድ የሞተበት መሰለ። ዙሪያዋን ዞረና ገመዱን አነሳ።

"ከላይ በኩል ሰንሰለት ነው" አላት። "ዓሣ አጥማጅ በስህተት እንዳይቆርጣት ብለን። ገመዱ የሚጀምረው ከሥር ነው፤ የተቆረጠውም እዚያ ጥልቅ ውስጥ ነው፣ በሰላ ቢላዋ። ጠላቂ ሰው ነው የቆረጠው። ያውም በክረምት ባሕር።"

"አሁን መልሰህ ብታስራትስ?"

"ዋጋ የለውም። ክረምቱ መሀል ላይ ከተቆረጠ አይቆጠርም። እንደገና ለመጀመር ፈቃድ፣ በጀት፣ ከምክር ቤቱም አዲስ ድጋፍ ያስፈልጋል።" ገመዱን ጣለው። "የሚያናድደኝ ደግሞ፣ ለሰሜኑ ሰፈር ብለው ቆርጠዋት ከሆነ በከንቱ ነው። መስመሩ ሁለት ነበር፤ አንዱ በሰሜን፣ አንዱ በደቡብ ባዶው ዳርቻ። እስካሁን የለካነው ሰሜኑ እንደማይሆን ያሳያል፤ ማዕበሉ ፊት ለፊት ይገባበታል። የምመርጠው ደቡቡን ነበር። እዚያ አንድም ቤት የለም።"

"ይህን ለሰዎቹ ነግረሃቸዋል?"

"ክረምቱ ሳያልቅ? ከዳርቻው ወዲያ ያሉት የደቡብ ሰዎች ደግሞ ይነሱብኛል ብዬ..." አለና ወደ ኳሷ ዞረ።

---

ሐኪሙ በስልክ ነው የነገራት። ጭንቅላቱ ላይ አንድ ምት አለ፤ ያ አልገደለውም፤ ሳንባው ውሃ ሞልቷል። ሌላም አለ። "የደረቱ አጥንቶች ተሰብረዋል። ድብደባ አይደለም። አንድ ሰው ሊያተርፈው ደረቱን ሲጫን የሰበረው ነው፤ ለረጅም ጊዜ፣ በሙሉ ኃይሉ።"

ቫሳንታ ስልኩን ዘግታ ሴቪየርን ጠራችው።

"በዚህ ዳርቻ የሰመጠ ሰው ሲወጣ እንዴት ነው የምታስተኙት?"

ሴቪየር ቆመ። "እንደ ሁሉም ሰው።"

"ሁሉም ሰው በጀርባው ነው የሚያስተኛው። ክሌመንት በጎኑ ነበር፤ ጉልበቱ ታጥፎ፣ እጁ ከጉንጩ ሥር።"

"ውሃው በአፉ እንዲወጣ ነው" አለ ሴቪየር ቀስ ብሎ። "አባባ ፓትሮስ ነው ያስተማረን።"

"ዛሬ ጠዋት ቅዳሴ ነበር?"

ሃምሳ አለቃው ወንበር ስቦ፣ ቫሳንታ ሳትፈቅድለት ተቀመጠ። "አባ ለቀብር ወደ ሌላ አጥቢያ ሄደዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ዝግ ነበር። ጠዋት 'ከቅዳሴ' ሲልዎት ሰምቼዋለሁ። አንድ ጊዜ ቀኑን ተሳስቶ ነው አልኩ፤ ሌላ ጊዜ..." ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። "ይተዉት ማዳም። አፉ በላው ብለው ይጻፉ። ማንም አይጠይቅዎትም። እናትየዋም ብትሆን ከዚህ የባሰውን መስማት አትፈልግም።"

"ሟቹን ማን ይጠይቅልህ?"

"ሟቹም ቢሆን እሱን ይወደው ነበር" አለ ሴቪየር።

---

ፓትሮስ ከቤቱ ኋላ ሦስት ግንድ ታስሮ የተሠራች አሮጌ ታንኳ ላይ ተቀምጧል። ሲሲሊ ልብስ ታሰጣለች። ሽማግሌው ሁለቱን ሲያይ አልተነሳም።

"ሴቪየር፣ አንተም መጣህ?"

"መጣሁ አባባ።"

"ጥሩ። ሌላ ሰው ቢይዘኝ ደስ አይለኝም ነበር።"

የሲሲሊ እጅ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ቀረ።

ሳይጠየቅ ነው የተናገረው። ገና ሳይነጋ፣ አልጋው ላይ ሰው የተኛ እንዲመስል ጨርቅ ሸፍኖ፣ በዚያችው ታንኳ ወጣ፤ ቢላዋውን በጥርሱ ይዞ ጠለቀና ገመዱን ቆረጠው። ኳሷ ተለቃ መሄድ ስትጀምር ክሌመንት በጀልባው ደረሰ።

"መጀመሪያ አላወቀኝም። ሲያውቀኝ ደስ አለው። ተቆርጣ አግኝቼ የያዝኳት መሰለው። 'ይዘሃት ቆይ አባባ፣ መጣሁ' አለኝ። ከዚያ ቢላዋውን አየ።"

"ምን አለ?" አለች ቫሳንታ።

"'ይህች ኳስ እኮ ለላምበርት ናት፣ አባባ' አለኝ።" ሽማግሌው ጉልበቱን ያሸው ጀመር። "ኳሷን ይዞ ከጀልባው ሊያስራት ሞከረ። እኔ ልቀቃት፣ ባሕሩ ይውሰዳት አልኩት። እንቢ አለ። እጁን ልመታው ነው መቅዘፊያውን ያነሳሁት። ማዕበል መጣና አነሳን። መቅዘፊያው ሲወርድ ያረፈው እጁ ላይ አልነበረም።"

"ከዚያስ?"

"ገባሁ። መጀመሪያ እንደጠለቅኩ አገኘሁት። ልጄን ስንት ጊዜ ጠልቄ ያጣሁ ሰው፣ እሱን ወዲያው አገኘሁት። አውጥቼ ተጫንኩት። አጥንቱ ሲሰበር ሰምቻለሁ፤ አላቆምኩም። አልተነፈሰልኝም። በጎኑ አስተኛሁት፤ ምናልባት ቆይቶ... አንዳንድ ሰው ቆይቶ ይመለሳል። ሴቶቹ ሲመጡ ሰማሁና ሄድኩ።"

"ምክር ቤት ቆመው ጥናቱን የለመኑት እርስዎ ነዎት" አለች ቫሳንታ።

"አዎ። ያኔ በየት በኩል እንደሚያልፍ አላወቅሁም ነበር።"

ሲሲሊ እርጥቡን ልብስ እንደያዘች መጣች። "እኔ ነኝ" አለች። "መጋዘን ከመለሱን ልጆቹን ይዤ ባሕር እገባለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። ተናድጄ ነው አባባ። ሰው ሲናደድ ስንት ይላል። ለምን አመንከኝ?"

ሽማግሌው አላያትም። ቫሳንታን ነው ያየው። "ጥናቱ ቆመ አይደል፣ ማዳም?"

"ቆሟል።"

"እንግዲያው ቤቱ ተርፏል።"

መሐንዲሱ ስለ ደቡቡ መስመር የነገራት ቃል ቫሳንታ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። ሲሲሊን አየች፤ በሩ ላይ የቆሙትን ሁለት ሕፃናት አየች።

"ተርፏል፣ አባባ" አለችው።

ሴቪየር የእጅ ሰንሰለቱን አላወጣም። በክንዱ ደግፎት ሄዱ። በመንገዱ ላይ ሰዉ ለሽማግሌው እየተነሳ ሰላምታ ይሰጠው ነበር፤ ታሞ ወደ ሕክምና የሚወስዱት መስሎት።

---

በማግስቱ ጠዋት ወደ ዳኛ ሊወስዱት ሲዘጋጁ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ያለ ሰዓቱ ተደወለ። በማናልቱራ የዚህ ደወል ትርጉም አንድ ነው፤ አፉ ላይ ጀልባ ተገልብጧል። ሴቪየር ወረቀቱን ጥሎ በሩጫ ወጣ።

ፓትሮስ ከጣቢያው ጠባብ የእስር ክፍል ውስጥ ተነስቶ የበሩን ብረት ያዘ።

"ማዳም፣ ያስወጡኝ።"

ቫሳንታ ወደ ጠረጴዛዋ ዞረች።

"ሴቪየር ወገቤን በገመድ አስሮ ጫፉን ይያዝ፣ ከፈለጋችሁ። ሰውየውን ላውጣና እመለሳለሁ። ወዴት እሄዳለሁ? ባሕር ነው ያለው።"

ቁልፉ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር። አነሳችው። ነፍስ አጥፍቷል ብላ ትናንት የከሰሰችውን ሰው፣ ትኩሳት ያለበትን ሽማግሌ፣ በራሷ እጅ ከፍታ ወደዚያ አፍ ብትልከውና ቢሞት ምን ትላለች? ቢያመልጥስ? እንደማያመልጥ ታውቃለች። ቁልፉን ይዛ ቆመች። ደወሉ ይጮሃል።

"አልችልም፣ አባባ" አለች።

"እሺ" አለ ፓትሮስ። ብረቱን ግን አልለቀቀም። ጆሮውን ወደ ባሕሩ አድርጎ ደወሉ እስኪቆም እዚያው ቆመ።

ሴቪየር ሲመለስ ዩኒፎርሙ እስከ ወገቡ ርሷል። ቫሳንታን አልፎ ወደ ብረቱ ሄደ፤ ሪፖርቱን ለሽማግሌው የሚያቀርብ ይመስል።

"የደቡብ ልጆች ናቸው። አንዱ ራሱ ዋኝቶ ወጣ። አንዱ አልተገኘም።"

"ማን ገባ?"

"ሁሉም ድንጋዩ ላይ ነበር አባባ። ገመድ ጣልን።"

"ማን ገባ ነው የምልህ?"

ሴቪየር ወለሉን ተመለከተ። "ማንም። እኔ እስከ ወገቤ ገባሁና... ማንም አልገባም።"

ሽማግሌው እጁን ከብረቱ ላይ አወረደ።

"ሰዉ ሮጦ ቤትህ ሄዶ ነበር" አለ ሴቪየር። "በሩን ሲደበድቡ አየኋቸው፤ ስምህን እየጠሩ። መታሰርህን ማታ ሰምተው ነበር፤ ረስተውት ነው። ሲሲሊ ናት ከፍታ 'የለም' ያለቻቸው።"